ሰማይ ሲታረስ፦ ለዝናብ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ሰማይ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ አይቻልም፤ ንጉሥን ፍርድ ቤት ማቆምም እንደዚያው ነው ማለቱ ነበር። የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ግን ከ80 ዓመት ገደማ ወዲህ አይሠራም። ሰማይ መታረስ ጀምሯል፤ ዘርም ይዘራበታል። አውሮፕላን ወደ ደመና ገብቶ ጭስ እየለቀቀ ዝናብ ለማዝነብ፣ ወይም ሰብል የሚያወድመውን ጠጠር በረዶ ለመከልከል ይሠራል። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሰማይን ያረሰ ሰው ይከሰሳል ወይ? ከመዝራቱ በፊትስ ማንን ማስፈቀድ አለበት?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ ቀድመው በሕግ ለመመለስ የሞከሩት የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ናቸው። መልሳቸው ጎዶሎም ቢሆን የሚያስተምር ነውና ወደዚያው ልወስዳችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሳይንሱ በፊት አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ቻርልስ ሃትፊልድ ይባላል። በ1915 መጨረሻ የካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ውሃ አጥሯት ነበር። የከተማው ምክር ቤትም የሞሬናን ግድብ በዝናብ ከሞላህ 10,000 ዶላር እንከፍልሃለን አለው። ሃትፊልድ ከግድቡ አጠገብ የእንጨት ማማ አቆመ፤ ምስጢሩን ለማንም ያልነገረውን ኬሚካል በገንዳ አድርጎ ያተነው ጀመር። በጃንዋሪ 1916 ዝናቡ መጣ፤ መጣና አልቆም አለ። ድልድዮች ተወሰዱ፣ የታችኛው ኦታይ ግድብ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ። ሃትፊልድ ሂሳቤን ብሎ ሲመጣ ከተማው ገንዘቡን የምትወስደው ለደረሰው ጥፋት ሁሉ ኃላፊነቱን ከወሰድክ ብቻ ነው አለው። ክርክሩ እስከ 1938 ድረስ ተጓተተ፤ ሰውዬው አንድ ሳንቲም ሳያገኝ ቀረ፣ ዝናቡም የእግዚአብሔር ሥራ ተባለ።

በገጠራችን በረዶ ይመልሳል ተብሎ በየአዝመራው እህል የሚሰፈርለት ሰው እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። በረዶው ሲቀር ይመሰገናል፤ ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ ዓይን የሚጣለው እሱ ላይ ነው። የሃትፊልድና የእኛ በረዶ መላሽ ችግር አንድ ነው። የሠሩት ነገር ያመጣውንና ሳይሠሩም ሊሆን የነበረውን ለይቶ የሚያሳይ አልነበረም። የዛሬዎቹ ሕጎች የቆሙት እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ሳይንሱ የተጀመረው በአንድ የምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በጁላይ 1946፣ ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ስኬኔክታዲ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ፣ ቪንሰንት ሼፈር ከላይ የሚከፈት ማቀዝቀዣ ውስጡን በጥቁር ከፋይ አልብሶ፣ መብራት አስገብቶ፣ ትንፋሹን እፍ ይልበት ነበር። ትንፋሹ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ቢሆንም የጉሙ ጠብታዎች አይረጉም፤ ውሃ እንደሆኑ ይቆያሉ። አንድ ቀን ሙቀቱ ከበደና ማቀዝቀዣውን ቶሎ ለማብረድ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጣል አደረገበት። በዚያው ቅጽበት ጉሙ በሙሉ ወደሚያብለጨልጩ የበረዶ ቅንጣቶች ተለወጠ። ኖቬምበር 13 ቀን በአውሮፕላን ወጥቶ በማሳቹሴትስ ግሬይሎክ ተራራ አጠገብ ባለ ደመና ላይ 3 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ በረዶ በተነ፤ ከደመናው ሥር በረዶ ሲወርድ ታየ። በዚያው ወር የሥራ ባልደረባው በርናርድ ቮኔገት ቅርጹ ከበረዶ ቅንጣት ጋር የሚመሳሰል ሲልቨር አዮዳይድ የተባለ ውህድ በጭስ መልክ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ አገኘ። እስከ ዛሬ በብዛት የሚዘራው ይኸው ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። ዘሩ ደመና አይፈጥርም። በጠራ ሰማይ ላይ ቢበትኑት ምንም አይሆንም። ደመናው መጥቶ፣ ውስጡ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳይረጋ የቆየ ውሃ ካለ፣ ያ ውሃ ከብዶ እንዲወርድ ይገፋዋል እንጂ። ስንት ይጨምራል? የአሜሪካ ምክር ቤት የሂሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2024 መጨረሻ ጥናቶችን መርምሮ ያወጣው ግምት ከዜሮ እስከ 20 በመቶ ነው። ዜሮ መኖሩን አትዝለሉት። በጎ በጎውንም እንናገር፤ በ2017 ጃንዋሪ በአይዳሆ ተራሮች ላይ የተደረገ ምርምር አውሮፕላኑ የሄደበትን መስመር ተከትሎ የተፈጠረውን በረዶ በራዳር በግልጽ አይቶታል። ሦስት የመዝራት ሥራዎች እያንዳንዳቸው በውሃ ሲለኩ ከ120,000 እስከ 340,000 ሜትር ኩብ የሚደርስ በረዶ ማውረዳቸው ተሰላ። ይሠራል ወይ ለሚል ሰው መልሱ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ አንዳንድ ቦታ፣ በጥቂቱ፣ የሚል ነው።

እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ ሕግ ማውጣት ከባድ ነው። ሰዎች ግን ሳይንሱ እስኪጠራ አልጠበቁም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ።

በ1950 ኒው ዮርክ ከተማ ድርቅ ሲገጥማት የአየር ጠባይ ሊቁን ዋላስ ሃወልን ቀጥራ በካትስኪል ተራሮች ላይ ደመና ማዝነብ ጀመረች። እዚያ የመዝናኛ ሆቴል ያለው ሰው ዝናብ እንግዳ ያባርርብኛል ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ውሃ የሚጠጣ የሚሊዮኖች ሕዝብ ጥቅም ከአንድ ሆቴል ይበልጣል በማለት ሥራው እንዲታገድ የቀረበውን ጥያቄ ሳይቀበሉ ቀሩ።

ምዕራብ ቴክሳስ ላይ ደግሞ ሌላ ፍርድ ተሰጠ። ጠጠር በረዶ ሰብላቸውን ያጠፋባቸው ገበሬዎች ደመናውን እንዲበትንላቸው ኩባንያ ቀጠሩ። በፎርት ዴቪስ አካባቢ ያሉት ከብት አርቢዎች ግን ሣራቸው ያለ ዝናብ የማይበቅል ነው። ፍርድ ቤት ቀርበው የሰጡት ምስክርነት እንዲህ የሚል ነበር። ደመናው በግጦሻችን ላይ ጠቁሮ ይከማቻል፤ ሊዘንብ ነው ብለን ስንጠብቅ አውሮፕላኑ ይመጣና ይገባበታል፤ ከዚያ ደመናው ይሳሳል፣ ይበታተናል። የኩባንያው ባለሙያዎች አውሮፕላኑ ያን ያህል አቅም የለውም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ያመነው አርቢዎቹን ነው። የመሬት ባለቤት ተፈጥሮ ልትሰጠው ያሰበችውን ዝናብ የማግኘት መብት አለው ብሎ በ1958 በመሬታቸው ላይ ያለው ደመና እንዳይነካ አገደ፤ በቀጣዩ ዓመት የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው።

እንግዲህ በአንድ አገር፣ በ10 ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። አንዱ ሰው ከሌላው የተሻለ ጠበቃ ስላለው ዝናብ የሚያገኝበት ሥርዓት ሊቆም አይችልም ነበር። ዳኛ የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ደመና ደግሞ ይግባኝ እስኪታይ አይጠብቅም። ከበረራው በፊት የሚጠይቅ አካል ያስፈልግ ነበር።

ዋዮሚንግ በ1951 ሕግ አወጣች። ሕጉ በድንበሬ ውስጥ ባለው ሰማይና ደመና ያለው እርጥበት ለነዋሪዎቼ ጥቅም የእኔ ሉዓላዊ መብት ነው ይላል። ቴክሳስ በ1967፣ ኮሎራዶ በ1972 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ ሥራ ፈቃድ አይሰጥም፤ በ1971 ሕግ መሠረት ደመና የሚያዘንብ ሰው ሊሠራ ሲልና ከሠራ በኋላ ለብሔራዊ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር ሪፖርት ያቀርባል፣ በቃ። መፍቀድና መከልከል የየክፍለ ግዛቱ ነው። ደመናው ግን ድንበር አያውቅም። በ1977 ድርቅ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደመና ልታዘንብ ስትነሳ ጎረቤቷ አይዳሆ የእኔን ውሃ ልትሰርቂ ነው ብላ እከስሻለሁ ማለቷ አሁንም ይወሳል። ይህ ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተደፈነም፤ ከሕጎቹ ድክመት ሁሉ ትልቁ እሱ ይመስለኛል።

የቴክሳስን አሠራር ጠጋ ብለን እንየው። ጉዳዩን የያዘው የክፍለ ግዛቱ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ፀጉር አስተካካዮችን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን፣ መኪና ጎታቾችን የሚፈቅደው ራሱ ነው። ደመና የሚያዘንበው ሰው ወረቀቱን የሚያወጣው ፀጉር አስተካካዩ ከሚያወጣበት ቤት ነው። ሲሰሙት ይገርም ይሆናል። እኔ ግን ቦታው ነው እላለሁ። ፀጉር አስተካካይ ፈቃድ የሚጠየቀው ምላጩ የሚያርፈው በራሱ አንገት ሳይሆን በሌላ ሰው አንገት ላይ ስለሆነ ነው። የደመናም ሥራ እንዲሁ ነው፤ የሚበረው አንዱ፣ የሚዘንበው በሌላው ላይ።

ሕጉ ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሁለቱ መለየት የጉዳዩ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው የሙያ ፈቃድ ነው። አንተ ማን ነህ? የአየር ጠባይ ሳይንስ ታውቃለህ? ይላል። ሁለተኛው የፕሮጀክት ፈቃድ ነው። በየትኛው ካውንቲ፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር ማለት ነው፣ ሰማይ ላይ፣ በምን ወቅት፣ በምን መሣሪያ፣ ለማን ብለህ ትሠራለህ? ጉዳት ቢደርስ የምትከፍልበት አቅም አለህ? ይላል። የመጀመሪያው ያለው ሰው ሁለተኛውን ሊከለከል ይችላል። ጎበዝ ሹፌር መሆን በሰው አጥር ውስጥ መንዳት አያስችልምና።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ማስታወቂያው ነው። አመልካቹ ሊሠራ ባሰበበት በእያንዳንዱ ካውንቲ በሚነበብ ጋዜጣ ላይ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ሐሳቡን ማሳወቅ አለበት። እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት፤ የአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ጋዜጣ፣ የጨረታና የቀብር ማስታወቂያ ባለበት ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እገሌ የተባለ ድርጅት በዚህ ካውንቲ ላይ የአየር ጠባይን ለመለወጥ ፈቃድ ጠይቋል የሚል። ያንን ያነበበ ገበሬ ተነስቶ ስሙኝ ማለት ይችላል። ጠጠር በረዶ ለመከልከል የታሰበ ሥራ ከሆነ ደግሞ ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላሉ። የፎርት ዴቪስ አርቢዎች ክርክር ሕግ ሆኖ የቀረው እዚህ ላይ ነው።

ኮሎራዶ ላይ መልኩ ይለያል። እዚያ የሚፈለገው በክረምት ተራራ ላይ የሚከማች፣ በጸደይ ቀልጦ ወንዝ የሚሞላ በረዶ ነው። ብዙውን የሚዘሩት በአውሮፕላን ሳይሆን ከመሬት ነው። አንድ የብረት ማማ በሰው እርሻ ጥግ ቆሞ ታያላችሁ፤ ሥሩ የጋዝ ሲሊንደርና በአሴቶን የሟሟ ሲልቨር አዮዳይድ ያለበት ታንክ፣ ጫፉ ላይ ነበልባል። ማዕበሉ ሲቃረብ የእርሻው ባለቤት ስልክ ይደወልለታል፤ ወጥቶ ይለኩሰዋል፤ ሲበቃ ተመልሶ ያጠፋዋል። አሁን አሁን ከሩቅ የሚለኮሱም አሉ። ለዚህ ሥራ ከሚያዋጡት ውስጥ ከወንዙ በታች ያሉት የካሊፎርኒያ፣ የአሪዞናና የኔቫዳ የውሃ ድርጅቶች ይገኙበታል፤ የሚወርደው በረዶ ነገ የእነሱ ቧንቧ ውሃ ነውና። ፈቃዱ ላይ መቼ ይዝራ ከሚለው ይልቅ መቼ ያቁም የሚለው በጥንቃቄ ተጽፏል። የተከማቸው በረዶ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ የበረዶ ናዳ አደጋ ሲታወጅ፣ ጎርፍ ሲያሰጋ ነበልባሉ ይጠፋል።

ማቆሚያ የሌለው ፈቃድ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያመጣ የሚያስታውስ አንድ ቀን አለ። ጁን 9 ቀን 1972 በደቡብ ዳኮታ ራፒድ ሲቲ ከተማ ላይ የወረደው ጎርፍ 238 ሰው ገደለ። በዚያው ቀን በአካባቢው ደመና ላይ ጨው የመዝራት ሙከራ ተደርጎ ነበር። የመረመሩት ሊቃውንት ማዕበሉ ከሙከራው እጅግ የገዘፈ ነው፣ ያመጣውም ሙከራው አይደለም አሉ። ልክ ይሆናሉ። ሆኖም እንዲህ ያለ ሰማይ እየታየ አውሮፕላኑ ለምን ተነሳ የሚለውን ጥያቄ የሟች ቤተሰብ የመጠየቅ መብት አለው። ማቆሚያ ደንብ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። ጁላይ 4 ቀን 2025 ቴክሳስ ውስጥ የጉዋዳሉፔ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ፣ በወንዙ ዳር ካምፕ የነበሩ ሕፃናትን ጨምሮ በዚያ ሰሞን ጎርፍ ከ130 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐዘኑ ሳይበርድ ሬይንሜከር የተባለ ኩባንያ ከሁለት ቀን በፊት ደመና ዘርቶ ነበር የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬው እውነት ነበር፤ ዘርቷል። ፈቃድ ስላለው፣ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታም ስላለበት ግን መዝገቡ ተገኘ። ጁላይ 2 ቀን፣ በካርንስ ካውንቲ፣ በሁለት ደመናዎች ላይ፣ 70 ግራም ያህል ሲልቨር አዮዳይድ። ቦታው ጎርፉ ከወረደበት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ደመናዎቹም በሰዓታት ውስጥ ጠፍተዋል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ያንን ጎርፍ ይህ ሊያመጣው እንደማይችል በአንድ ድምፅ ተናገሩ።

እስቲ ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ብላችሁ አስቡ። ልጇን ለቀበረች እናት ምን ተብሎ ይነገራት ነበር? «እመኑን» ብቻ። በእኔ እምነት የፈቃድ ሕግ ትልቁ ጥቅም ዝናብ ማስተካከሉ አይደለም። ሐሜት ሲነሳ ቀን፣ ቦታና ግራም ያለበት ወረቀት ማውጣት ማስቻሉ ነው። አንድ ጉድለቱንም አልደብቅም፤ መዝገቡን የሚይዘው ራሱ ሠሪው ነው። ገለልተኛ ዓይን ቢጨመርበት እመርጣለሁ።

አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ሌላ መንገድ መርጠዋል። ቴነሲ በ2024፣ ፍሎሪዳ በ2025 ጭራሽ ከለከሉ። ፍሎሪዳ ከ1957 ጀምሮ የፈቃድ ሕግ ነበራት፤ እሱን ሽራ ደመና የሚነካውን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ዶላር መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገችው። ከዚህ ጀርባ ያለው አብዛኛው ግፊት አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመር መርዝ ነው የሚል እምነት ነው። ያ መስመር ከሞተሩ የሚወጣ እንፋሎት በብርድ ረግቶ ነው። በሌለ ነገር ላይ የወጣ ክልከላ ሰውን አያረጋጋም፤ ደግሞም በሚቀጥለው ቀን ሰማይ ላይ ነጭ መስመር መታየቱ አይቀርም። ክልከላን የምቃወመው ደመና ማዝነብ ቅዱስ ነው ብዬ አይደለም። ሕዝብ የተጠራጠረውን የሚጠይቅበትን በር ስለሚዘጋ ነው።

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ዱባይ ስትጥለቀለቅ ተመሳሳይ ሐሜት ተነስቶ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ በአል ዐይን አካባቢ 254 ሚሊ ሜትር ዘነበ። የአገሪቱ ብሔራዊ የአየር ጠባይ ማዕከል በዚያ ማዕበል ላይ አልዘራንም አለ፤ ሊቃውንትም ማዕበሉ የተፈጥሮ መሆኑን መሰከሩ። ሆኖም ደመናውን የሚያዘንበው ያው ማዕከል ነው። ሠሪውና መስካሪው አንድ ሲሆን እውነቱም ቢሆን ለመታመን ይቸገራል።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት የሰው አገር ታሪክ ልተርክላችሁ ብቻ አይደለም። በእኛው አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ወር መንግሥታችን በኢትዮጵያ ደመናን የማዝነብ ሥራ መጀመሩን አስታውቆ ነበር። ዝናብን ጠብቆ የሚዘራ ሕዝብ ያለበት አገር እንዲህ ያለውን ጥበብ መሞከሩ የሚያስነውር አይደለም። እኔ የምለምነው ስለ ማስታወቂያው ነው። የቴክሳስ ገበሬ በጋዜጣ ያነባል፤ የእኛ ገበሬ ጋዜጣ አይደርሰውም። እንግዲያው ወሬው በገበያ ቀን ይለፈፍ፤ በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ይነገር። የትኛው ወረዳ ላይ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በምን ነገር፣ ለማን ተብሎ እንደሚዘራ ይባል። ጤፉን አጭዶ በአውድማ የከመረ ሰው ይህን ሳምንት ተዉኝ የሚልበት ሰው ይመደብለት፤ ያ ሰው አውሮፕላኑን ከሚያበርረው መሥሪያ ቤት ውጪ ይሁን። የተበተነው በግራም፣ የበረረው በሰዓት ተመዝግቦ፣ ማንም አርሶ አደር ልጁን ልኮ ሊያስነብበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በግብርና፣ በውሃና በአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ አላችሁ። ደንቡን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ጻፉት።